የገደሉ ወገብ

ሚኒባሱ ግንደወይን መግቢያ ላይ ሲቆም ሙሉአለም ካርቶኑን ከጉልበቱ አላወረደም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ክንዱን በመስኮት አወጣና ከፊቱ የተደረደሩትን መኪኖች በዓይኑ ለካ። አይሱዙዎች፣ ሁለት አውቶቡሶች፣ አንድ ጎማው የተነፈሰ ፒክአፕ። ከሁሉም ወዲያ አስፋልቱ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ይታያል። ማን እንዳጋደመው፣ ማንስ እንደሚያነሳው የጠየቀ አልነበረም። በዚህ አገር ሰው መንገድ ሲዘጋ መጠየቅ ከተወ ቆይቷል፤ ወርዶ ጥላ ይፈልጋል።

«ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለ ሙሉአለም።

«ምን አውቃለሁ መምህር? ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተከፈተው። ከትናንት ወዲያማ ጭራሽ አልተከፈተም።»

ሙሉአለም ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ለስድስት ሰዓት የቀረው ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ሞጣ ደግሞ በመኪና ቅርብ፣ በእግር ሩቅ ነው።

የተነገረው ስድስት ሰዓት ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቢቸና በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሊጨርስ ሲል፣ ሰሌዳው ላይ ለቴክኒክ ሥዕል ክፍሉ የቤት ደረጃ ንድፍ ጀምሮ ሳይጨርስ፣ ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን አያውቀውም።

«መምህር ሙሉአለም ነዎት? ሲስተር ፍሬ እባላለሁ፤ ሞጣ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ስለ መምህር ሽታሁን ነው።» ድምፅዋ የተጣደፈ ቢሆንም ቃላቱን አንድ በአንድ ታስቀምጣቸው ነበር። «እግሩ ሞቷል። ከጉልበቱ በታች መቆረጥ አለበት። አልፈርምም አለ። ዶክተሩ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለው። ከዚያ ካለፈ መርዙ ደሙን ይይዘዋል፤ ብንቆርጥም ላናተርፈው እንችላለን። እናቱ እዚህ ናቸው፤ ግን አያናግራቸውም። ወዳጁ እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ተማሪዎቹ ቀና ብለው ያዩት ነበር። «እመጣለሁ» አላት።

ሽታሁን ሆስፒታል ከገባ ያን ዕለት ስምንተኛ ቀኑ ነበር። አደጋው በደረሰ ማግስት ሙሉአለም ወደ ቢቸና ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደም። መጀመሪያ መንገዱ ሁለት ቀን ተዘጋ። መንገዱ እንደተዘጋ ሲሰማ በደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል ማለቱን ያስታውሳል። ከዚያ መንገዱ ሁለት ቀን ተከፈተ፤ እሱ ግን የሚታረም የፈተና ወረቀት አለብኝ አለ። ወረቀቱን ያለው ለማንም አልነበረም፤ ለራሱ ነው።

ካርቶኑን አቅፎ ከሚኒባሱ ወረደ። ከግንዱ ወዲያ ማዶ ሞተር ሳይክል እንደማይጠፋ ያውቃል። በተሰለፉት መኪኖች ጎን አልፎ ግንዱ ዘንድ ሲደርስ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ከዛፍ ሥር ብድግ አሉ። አንደኛው ምንም ሳይናገር የካርቶኑን ክዳን ከፈተ። ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ተቀርጾ፣ አሸዋ በሙጫ ተለጥፎበት፣ ቡናማ ቀለም የተቀባ ኮረብታ ነበር። ባንድ ጎኑ ቁልቁል የተቆረጠ ገደል አለው። ከሥሩ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከወይራ የተጠረቡ፣ ቁመታቸው የጣት አንጓ የሚያህል ሰዎች አሉ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«መጫወቻ ነው።»

«ለልጅህ ነው?»

«አዎ» አለ ሙሉአለም። ልጅ የለውም። ውሸቱ እንዴት ያለ ድካም እንደወጣለት ለራሱም ገረመው።

ሰውዬው ገደሉን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ ክዳኑን መለሰና በግንዱ ላይ እንዲሻገር በአገጩ ጠቆመው።

ከወዲያ ማዶ ባለሞተር ተገኘ። ካርቶኑን በሁለቱ መሐል አድርገው ሲፈናጠጡ አንዱ ጥግ እጥፍ አለ፤ ፎሙ ሲሰበር ሙሉአለም በደረቱ ሰማው። «ቀጥል» አለ።

ነፋሱ ዓይኑን እያስለቀሰው ያለፈውን ያስብ ጀመር።

ሽታሁን ወደ ቢቸና ሲመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ የተከራየውም ሙሉአለም ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ከኢንተርኔት ያወረደውን አንድ የጦር ጨዋታ አሳየው፤ በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮችን እየለኩ የሚያንቀሳቅሱበት። ደንቡ ለሁለቱም አልጣማቸውም። የራሳቸውን ጻፉ። ሙሉአለም ኮረብታውን ይቀርጻል፣ ሰዎቹን ይጠርባል፤ ሽታሁን በሰማያዊ ደብተር ላይ ደንቡን በደቃቅ ጽሑፍ ያሰፍራል። ወታደር በሜዳ ላይ ባንድ ዙር አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ነው። ሲወጣ ግን የእያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሁለት ሆና ትቆጠራለች። ለወደቀ ወታደር ዳይስ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት ኩብ፣ ይጣልለታል፤ አንድ ከወጣ ከጠረጴዛው ይነሳል። በመምህራን ክፍል ውስጥ ይሳቅባቸው ነበር፤ ሁለት ጎልማሶች በአሻንጉሊት ይጫወታሉ እየተባለ። እነሱም አብረው ይስቁ ነበር።

ኋላ ትምህርት ቤቱ ለወራት ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ የተኩስ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሰው ጆሮውን ወደ ግድግዳ ሲያስጠጋ፣ የሚስቅባቸው ጠፋ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ማን መቼ እንደሚንቀሳቀስ ይታወቅ ነበር። የሞተውም ሲመሽ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል።

ያላስማማቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገደሉ አሥር ሳንቲ ሜትር ነው። ወታደር ባንድ ዙር ከሰባት ተኩል በላይ መውጣት አይችልም። ታዲያ ገደሉን ጀምሮ ሳይጨርስ ዙሩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሙሉአለም፣ ባለበት ተንጠልጥሎ ይቆይና በሚቀጥለው ዙር ይጨርስ ይላል። ሽታሁን አይሆንም ይላል። «ገደል ወገብ ላይ ማደር የለም። ሰው ወይ ይወጣል፣ ወይ አይጀምርም።» በእሱ ደንብ ገደሉ ለዘላለም የተዘጋ ነበር፤ በሙሉአለም ደንብ የጦርነቱ ሁሉ በር ነው። ሽታሁን ባለፈው ዓመት ወደ ሞጣ ከተዛወረ በኋላ እንኳ፣ ሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ኮረብታ አስቀምጠው በስልክ ሲጫወቱ፣ ክርክሩ ከመሐላቸው አልተነሳም።

በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሙሉአለም ሞጣ ሄደ። ወደ ዓባይ ከሚወርደው ቁልቁለት አጠገብ ሽታሁን የሚያውቀው አንድ የቋጥኝ ግድግዳ ነበር። የሁለት ሰው ተኩል ቁመት ቢሆን ነው። «እንሞክረው» ያለው ማን ነበር? ሙሉአለም ብዙ ጊዜ ሊያስታውስ ሞክሯል፤ ሁልጊዜም የራሱ ድምፅ ነው የሚመጣለት። አንዳቸው ወጥቶ ከመሐሉ ደርሶ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቆየት የቻለ እንደሆነ የሙሉአለም ደንብ ይጸድቃል። ሽታሁን ቀጭን ነው፤ በልጅነቱም መርጡለ ማርያም አካባቢ ገደል ሲወጣ ያደገ ነው። ጫማውን አውልቆ ወጣ። ሙሉአለም ከሥር ሆኖ የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ ከፈተ።

በሠላሳኛው ሰከንድ ገደማ ሽታሁን «እጄ ዛለ፤ ልውረድ» አለ። ከግራ እግሩ ሥር ጥሩ መርገጫ ነበረ፤ ሙሉአለም አይቶታል። «ገና ነህ!» ሲል ጮኸ። «ልትረታኝ ብለህ ነው!» እየሳቀ ነበር። ሽታሁን ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አስደገፈ። ቆይቶ፣ ድምፁ ሌላ ሆኖ፣ «ሙሉ፣ ልውረድ» አለ። «ቆይ» አለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሙሉአለም አያስታውሰውም፤ ስልኩ ግን ያስታውሳል። ጣቱ ሳታማክረው ቆጣሪውን አቁማው ነበር። አርባ ሰባት ሰከንድ።

አጥንቱ ሱሪውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ሙሉአለም ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ ያን አቀበት ወጣ። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ሸሚዙ በደም ርሶ፣ አንድ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ሲለው፣ «እኔ ውሃ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት» አለ። ማንም አላስገደደውም። ቃሉ ካፉ ሲወጣ ሽታሁን ዓይኑን ገልጦ አየው፤ መልሶም ጨፈነ።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሞጣ ደረሰ።

ሲስተር ፍሬ ከዋርዱ በር ላይ ተቀበለችው። አጭር፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት። «ትኩሳቱ ከጠዋት ጀምሮ አልወረደም» አለችው። «አእምሮው ግን ንጹሕ ነው። ያስቸገረንም እሱ ነው። ንጹሕ አእምሮ ያለው ሰው አይሆንም ካለ አይነካም።»

ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት እናት ተነሱ። የሽታሁን እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው። ሙሉአለም ያንን ሲያይ ባለበት ቆመ።

«መጣህልኝ!» አሉ። ትከሻውን ይዘው ግራና ቀኝ ሳሙት። «ያን ሁሉ ዳገት ልጄን ተሸክመህ! የወለድኩት ወንድም ቢኖረው ከዚህ በላይ ምን ያደርግ ነበር?»

«እማማ…»

«ቆይ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከእኔ የደበቀውን ለአንተ ነግሮህ እንደሆነ።» እጁን አልለቀቁትም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው፣ አስተማሪ፣ ብቻውን ገደል ላይ ምን ይሠራል? ሰው የሚለውን እሰማለሁ። ራሱን ሊጥል ነው ይላሉ። እኔ አላመንኩም ነበር። አሁን ግን ይኸው፣ እግሬን አትንኩ፣ ልሙት ይላል። በምን አስከፋሁት? አንተ ታውቃለህ። ምን ጎደለበት?»

ሙሉአለም እጁን ከእጃቸው አወጣ። ከኮሪደሩ መጨረሻ የሚንከባለል አልጋ ድምፅ ይመጣል፤ አንዲት ሴት የመድኃኒት ወረቀት ይዛ አልፋቸው ሄደች። «ላናግረው» አለ። ያለው ይኸን ብቻ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት አልጋ ነበር፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሽታው ከበሩ ላይ ተቀበለው። ሽታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ጉሉኮሱ በዝግታ ይንጠባጠባል። ከአንሶላው ሥር የእግሩ ቅርጽ አብጦ፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ይታያል።

«መንገዱ ተከፈተ?» አለ ሽታሁን ሳይዞር።

«አልተከፈተም። በሞተር መጣሁ።»

«ሰሞኑን ሁለት ቀን ተከፍቶ ነበር አሉ።»

ሙሉአለም ካርቶኑን ባዶው አልጋ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ለምን እንዳመጣው አሁንም አያውቅም፤ ባዶ እጁን መምጣት ስላልቻለ ይሆናል። የኮረብታው አንድ ጥግ ተገምሶ ነጩ ፎም ወጥቷል። ገደሉ ግን እንዳለ ነው።

ሽታሁን አንገቱን አዞረ። ፊቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ ዓይኖቹ በትኩሳት ያበሩ ነበር። ካርቶኑን አየ።

«ዝጋው።»

ዘጋው።

«ሽታሁን፣ ፈርም። እባክህ። እግርህ እኮ ነው፤ አንተ ግን ትተርፋለህ። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ። ዝውውር እጠይቃለሁ። ተሸክሜህ ክፍል እገባለሁ። የፈለግከውን ጠይቀኝ።»

«ለእናቴ ምን ብለህ ነበር የነገርካት?»

ሙሉአለም ወለሉን አየ። «ውሃ ፍለጋ ሄጄ ነበር አልኩ።»

«አገኘኸው?»

«ምኑን?»

«ውሃውን።»

ሽታሁን ከንፈሩን በምላሱ አርሶ በዝግታ መናገር ጀመረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሙሉአለም ቁጣውን ተመኘ።

«ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩህ። ራሱ መጥቶ ይናገራል ብዬ። አስተማሪው ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ብርቱካን ያስቀምጣል፣ ከዚያ በዓይኑ ይጠይቀኛል። ካህኑ መጥተው ንስሐ ግባ አሉኝ። እናቴ እግሬን ይዛ በምን አስከፋሁህ ትለኛለች። ምን ልበላት? ጓደኛዬ ቆይ ብሎኝ ነው ልበላት? አታምነኝም። ለማሳበብ ነው ትላለች።» ትንፋሹ አጠረው፤ ጥቂት አረፈ። «እግሬን ስጡኝ አላልኩም። እግሬ ሄዷል። ግን ራሱን ሊገድል ሲል እግሩ የቀረ መምህር ሆኜ፣ ሰባ ተማሪ ፊት በክራንች ልቁም? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቢላና ገመድ እየደበቀችብኝ ልኑር? እንደዚያ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ብነግራትስ?»

«እኔ ንገራት አልልህም» አለ ሽታሁን። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ሙሉአለም ወደ በሩ ሄደ። የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሊሆን ነው። ለሲስተር ፍሬ ሊነግራት ይችላል፤ እሷ ለእናቲቱ ትነግራቸዋለች። ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ሊናገር ይችላል፤ ያኔ ሁሉም በረድ ይላል። ሌላም፣ ሌላም መንገድ ታየው። ባንድ አፍታ ውስጥ ስንት መውጫ እንዳበጀ ሲያይ ራሱን ፈራ። እጀታውን ጎተተው።

ወይዘሮ ይርጋነሽ እዚያው ቆመው ይጠብቁት ነበር። «ፈረመ?»

«አልፈረመም። እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ንገረኝ።»

ሙሉአለም ግድግዳውን ተደግፎ ነበር፤ ከግድግዳው ራሱን አላቀቀ። «ውሃ ፍለጋ አልሄድኩም» አለ። «እዚያው ከሥሩ ቆሜ ነበር። የወጣው በእኔ ምክንያት ነው። የምንጫወተው ጨዋታ አለን፤ በጠረጴዛ ላይ፣ በትንንሽ የእንጨት ሰዎች። ሰው ገደል መሐል ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት ይችላል አይችልም ብለን ተከራከርን። እኔ ይችላል አልኩ። እሱ አይችልም አለ። ለማየት ወጣ። እኔ ሰዓት ያዝኩ።»

እናቲቱ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። አፋቸው በጥቂቱ ተከፍቷል።

«እጄ ዛለ፣ ልውረድ አለኝ። መውረጃ ነበረው። ቆይ አልኩት። ደግሞ ልውረድ አለኝ። ቆይ አልኩት። ከዚያ ወደቀ።»

«ልውረድ አለ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ልውረድ አለ?» አሉ ደግመው፤ አሁን ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ሊሞት አልነበረም?»

«አልነበረም እማማ። መውረድ ነበር የፈለገው።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ከውስጣቸው ድምፅ ወጣ፤ ሙሉአለም መጀመሪያ ለቅሶ መሰለው፤ ሳቅ ነበረበት። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ተመስገን» አሉ። «ተመስገን፣ ተመስገን፣ ሊሞት አልነበረም፤ ልጄ ሊሞት አልነበረም።» ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ለራሳቸው ደጋገሙት። ከዚያ ቀስ እያለ ውዝዋዜው ቆመ። ቀና አሉ።

«ልውረድ ሲልህ ለምን ቆይ አልከው?»

ሙሉአለም ይህን ጥያቄ ለራሱ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠይቆ ዘጠኝ ዓይነት መልስ ሰጥቶበታል። አሁን የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

«በጨዋታው እንዳይረታኝ።»

ቅድም ትከሻውን የያዙት እጆች ጭናቸው ላይ ተጨብጠው ነበር።

«በጨዋታው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ሂድ ከፊቴ» አሉት።

ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አውርደው አቀኑትና እንደ ወትሮው ለብሰው ወደ ልጃቸው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ሙሉአለም ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ከፊታቸው የሚርቅበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ከክፍሉ ድምፅ ይሰማል፤ ቃላቱ ግን አይለዩም። መጀመሪያ የእናትየው ብቻ ነበር። ከዚያ የሽታሁን፣ አጭር አጭር። ቀጥሎ የሰማውን ከዚህ በፊት ከማንም ጎልማሳ ወንድ ሰምቶት አያውቅም፤ አፉን ትራስ ውስጥ ቀብሮ እንደሚጮህ ልጅ ነበር። ሙሉአለም ሁለት እጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ጠበቀ። ውጪ ግቢው ውስጥ ሰዎች በፀሐይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰውዬ ለበሽተኛ ሚስቱ ሙዝ ይልጣል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀር ዶክተሩና ሲስተር ፍሬ ወረቀት ይዘው ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ እሷ ብቻዋን ወጣች። በፍጥነት ወደ እሱ ስትመጣ ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻለም።

«ፈረመ» አለችው። «ዶክተሩ ግን በጣም ዘግይቷል ባይ ነው። እንገባለን፤ ከዚያ የፈጣሪ ነው። ደም ሊያስፈልገው ይችላል። ዓይነትዎን ያውቃሉ?»

«ኦ ነኝ።»

«ይምጡ።»

ላቦራቶሪው ውስጥ ደሙ ተመርምሮ እንደሚሆን ሲነገረው ጋደም አለ፤ መርፌው ሲገባ ዓይኑን አልመለሰም። ከረጢቱ ሲሞላ አየው። ጥቁር መሰለ። ሲስተር ፍሬ ቱቦውን ልትዘጋ ስትል «ጨምሪ» አላት።

«የሚወሰደው ይህን ያህል ነው፣ መምህር።»

«ጨምሪ። እኔ ምንም አልሆንም። እባክሽ ሲስተር፤ ሁለት ውሰጂ።»

መርፌውን ነቅላ ጥጡን ጫነችበት፤ ክንዱንም አጠፈችለት። «ይህ ካሳ መክፈያ አይደለም» አለች። በክፋት አልነበረም የተናገረችው፤ ደክሟት ነው። «ምግብ በልተዋል ዛሬ?»

አልበላም። ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጡት፤ ግማሹን ጠጥቶ ተነሣ። ኮሪደሩ ረዝሞበት፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲሄድ አልጋው ከፊቱ መጣ። ሽታሁን ተሸፍኖ ተጋድሟል፤ እናቱ በጎኑ እጁን ይዘው ይራመዳሉ። ሙሉአለም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ እንዲያልፉ።

«አንዴ አቁሙልኝ» አለ ሽታሁን።

አልጋው ቆመ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ፤ የልጃቸውን እጅ ግን አልለቀቁም።

«ይቅር አላልኩህም» አለ ሽታሁን።

«አውቃለሁ።»

«ደንቡ ግን ልክ አይደለም።» መተንፈስ ቸግሮታል፤ ቃላቱን በየመሐሉ እያረፈ ያወጣቸዋል። «የአንተም የእኔም። የምንከራከረው ስለሚወጣው ብቻ ነው። ከታች የቆመውን አልጻፍነውም።»

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

ሽታሁን ጣሪያውን እያየ አሰበ፤ እንደ ድሮው፣ ደብተሩ ፊቱ ተዘርግቶ እርሳሱን እንደያዘ።

«አላውቅም» አለ። «ከነቃሁ እንከራከርበታለን።»

አልጋውን ገፉት። ባለ ሁለት ክፋዩ በር ተከፍቶ ዋጠው፤ እናትየው ከደፍ ላይ ቀሩ። በሩ ወዲያ ወዲህ ተወዛውዞ ቆመ።

ከበሩ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ከበሩ አልተነቀለም። ሙሉአለም መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ከፊቴ ሂድ ተብሏል። ነገር ግን ወለሉ ከሥሩ ለስለስ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ የታጠፈ ክንዱን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቆሟል። ጆሮው ውስጥ ደሙ ሲመታ ይሰማዋል። ጉልበቱ ሊታጠፍ ሲል ቀና አደረገው፤ ደግሞ ሊታጠፍ ሲል ቀና አደረገው።

«አንተ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። ወደ እሱ አልዞሩም። «ተቀመጥ። ብትወድቅ የማነሳበት አቅም የለኝም።»

ከአግዳሚው ዳር ተቀመጠ። ከበሩ ወዲያ የብረት ዕቃ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም።